እጅዎን ከመሪው አያንሱ!

አማርኛችን ‹‹መሪ›› የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ሰጥቶ አርፏል። አንዱ መሪ አገር ይይዛል፣ ሌላው መሪ መኪና ያዞራል። ዛሬ የምናወራው ስለ ሁለተኛው ብቻ ነውና ማንም አይደንግጥ። ጥያቄያችን አጭር ናት፦ መኪና ራሱን በራሱ ማዞር በጀመረበት ዘመን፣ ሾፌሩ መሪውን መያዝ አለመያዙን መኪናው በምን ያውቃል?

የመካኒኮች ወሬ ትመስላለች አይደል? ግን ሰው የሞተባት ጥያቄ ናት። ታሪኳ ደግሞ የሚጀምረው ከመኪና ሳይሆን ከባቡር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሞተ ሰው እጀታ

በእንፋሎት ባቡር ዘመን ሾፌሩ ብቻውን አልነበረም። አጠገቡ ከሰል የሚጨምር ጓደኛ ነበረው። አንዱ ራሱን ቢስት ሌላው ፍሬን ይይዛል። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ከሰልም ከሰል ጨማሪም አያስፈልግም ተባለና ሾፌሩ ብቻውን ቀረ። ታዲያ ይህ ብቸኛ ሰው ልቡ ድንገት ቢቆምስ? መልሱ እንግሊዞቹ ያለ ምንም ይሉኝታ ‹‹የሞተ ሰው እጀታ›› ብለው የሰየሙት መሣሪያ ሆነ። ሾፌሩ እጀታውን (በሌላው ባቡር ፔዳሉን) ተጭኖ ካልያዘ ኃይሉ ይቋረጣል፣ ፍሬኑ ይይዛል።

ብልሃቱ ግሩም ነው። ችግሩ ግን ፔዳል የሚያውቀው ክብደትን እንጂ ነፍስን አለመሆኑ ነው። የካቲት 8 ቀን 1986 ካናዳ ውስጥ፣ ሂንተን በምትባል ከተማ አጠገብ የዕቃ ባቡርና የመንገደኞች ባቡር ፊት ለፊት ተጋጭተው 23 ሰዎች ሞቱ። አደጋውን የመረመረው ኮሚሽን ካወጣቸው ጉዶች አንዱ፣ ሾፌሮች እግራቸውን ለማሳረፍ ሲሉ ፔዳሉ ላይ ከባድ ብረት የማስቀመጥ ልማድ እንደነበራቸው ነው። ጥር 31 ቀን 2003 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ፣ ዎተርፎል አካባቢ የአንድ ባቡር ሾፌር የልብ ሕመም ጣለው። ባቡሩ ግን አልቆመም። በምርመራው እንደታየው የራሱ የሾፌሩ እግር ክብደት ፔዳሉን ተጭኖ ሊይዘው ይችል ነበር። ሾፌሩን ጨምሮ 7 ሰዎች አለቁ።

ሁለቱን ታሪኮች አስታውሱልን፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን። በአንዱ ሰው መሣሪያውን አታለለው፣ በሌላው መሣሪያው ራሱ ተታለለ።

እግር ሥራ ሲፈታ

ወደ መኪና እንምጣ። መኪና ፍጥነቱን ጠብቆ እንዲሄድ የሚያደርገውን መሣሪያ የፈለሰፈው አሜሪካዊው ራልፍ ቲቶር ነው። ይህ ሰው ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ዐይነ ስውር ነበር። መንዳት የማይችል ሰው የነጂዎችን እግር አሳረፈ! ክራይስለር ኩባንያ መሣሪያውን በ1958 ኢምፔሪያል መኪናው ላይ ሲያቀርብ ስሙን ማን ቢለው ጥሩ ነው? ‹‹አውቶ ፓይለት››። አዎ፣ ቴስላ በጥቅምት 2015 መሪ የሚያዞረውን ሥርዓቱን ለገበያ ያቀረበበትን ስም ክራይስለር 57 ዓመት ቀድሞ ተጠቅሞበታል።

ልዩነቱ ይህ ነው፦ በ1958 ሥራ የፈታው እግር ብቻ ነበር። እጅ መሪውን ካልያዘ መኪናው ገደል ይገባል፤ ስለዚህ ‹‹እጅህ የት ነው?›› ብሎ የሚጠይቅ አያስፈልግም ነበር። መሪው ራሱን ማዞር ሲጀምር ግን እጅም ሥራ ፈታ። መኪናው ደግሞ ገና አልበቃም፤ ሲቸግረው ‹‹ተረከበኝ›› ማለቱ አይቀርም። ተረካቢው ተኝቶ ከሆነስ?

ብርቱካን እንደ እጅ

አምራቾቹ መልስ የፈለጉት እቤታቸው ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓወር ስቲሪንግ ውስጥ፣ ሾፌሩ መሪውን ሲያዞር በትንሹ የምትጠመዘዝ ቀጭን ዘንግ አለች። ጥምዘዛዋ ሲለካ ሞተሩ ምን ያህል ማገዝ እንዳለበት ይታወቃል። እንግዲያውስ ይቺው መለኪያ እጅ መኖሩንም ትንገረን ተባለ። አዲስ ዕቃ አይገዛም፣ ተጨማሪ ወጪ የለም። እጅ መሪው ላይ ካለ መቼም ትንሽ መጎተቱ አይቀርም።

ግን ልብ በሉ። መሪውን ቀለል አድርጎ፣ ሳያወዛውዝ የያዘ ጨዋ ሾፌር አይታወቅለትም፤ መኪናው ‹‹እጅህን አምጣ›› እያለ ይጮህበታል። በአንጻሩ መሪው ላይ በአንድ በኩል ክብደት ያንጠለጠለ ሰው እጁን አጣጥፎ ይሄዳል። በኢንተርኔት በተለቀቁ ቪዲዮዎች ብርቱካንና የውኃ ጠርሙስ መሪው ውስጥ ሲሰካ ታየ። ጭራሽ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ክብደት ገበያ ወጣና በሰኔ 2018 የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሽያጩ እንዲቆም አዘዘ። በሚያዝያ 2021 ደግሞ ‹‹ኮንሲዩመር ሪፖርትስ›› የተባለው የሸማቾች መጽሔት ባለሙያዎች በዝግ መንገድ ላይ ሞከሩት፤ ትንሽ ክብደት ያላት ሰንሰለት መሪው ላይ አንጠልጥለው፣ በሾፌሩ ወንበር ማንም ሳይቀመጥ መኪናው እንዲሄድ አደረጉት። የሂንተን ብረት ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

25 ሰከንድ

ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንስቅ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 2016 በፍሎሪዳ፣ ዊሊስተን ከተማ አቅራቢያ፣ አውቶፓይለት በርቶለት በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር የሚበር ቴስላ መንገዱን ከሚያቋርጥ ባለ ተሳቢ መኪና ሥር ገባ፤ ሾፌሩም ሞተ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ሲመረምር ያገኘው ቁጥር ይኸውላችሁ፦ ሥርዓቱ በሠራባቸው 37 ደቂቃዎች ውስጥ እጅ መሪው ላይ የተገኘው ለ25 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። መኪናው አስጠንቅቋል፣ ሾፌሩ እጁን ለአፍታ ነካ እያደረገ ይመልሳል፣ መኪናውም ‹‹እሺ›› ብሎ ይቀጥላል። ቦርዱ በ2017 ጥፋቱን ቅድሚያ ላልሰጠው የከባድ መኪና ሾፌርና ትኩረቱን ላጣው ሾፌር ሲያካፍል፣ ይህን ያህል መዘናጋት የፈቀደውን የመኪናውን አሠራርም አልማረውም። ጥምዘዛን መለካት ትኩረትን ለመለካት ደካማ ዘዴ መሆኑንም ተናገረ።

ሕግ አውጪዎችም ሰዓት መቁጠር ጀመሩ። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት 79ኛው የተሽከርካሪ ደንብ፣ እጅ ከመሪው ከተነሣ ቢበዛ በ15 ሰከንድ ውስጥ የሚታይ ማስጠንቀቂያ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ጩኸት እንዲሰማ ያዛል። ጩኸቱ ሌላ 30 ሰከንድ ሰሚ ካጣ ሥርዓቱ ራሱን ያጠፋል።

እዚህ ላይ ሾፌሩን ‹‹ሰነፍ›› ብሎ መገላገል ይቀል ነበር። እኛ ግን አንስማማም። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኖርማን ማክዎርዝ በ1948 ያሳተመው ጥናት አለ። ሰዎችን አንድ የሰዓት ዘንግ ፊት አስቀምጦ፣ ዘንጉ አልፎ አልፎ እጥፍ ሲዘል ብቻ እንዲነግሩት አደረገ። ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ ዝላዩ ያመልጣቸው ጀመር። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ ምንም የማይሆንን ነገር አፍጥጦ መጠበቅ የሰው ልጅ ደካማ ጎኑ ስለሆነ ነው። ራሱን የሚያዞር መኪና ለሾፌሩ የሰጠው ሥራ ደግሞ በትክክል ይኸው ነው።

ከእጅ ወደ ዐይን

መፍትሔው በሁለት መንገድ መጣ። አንደኛው መሪውን እንደ ስልክ ስክሪን ንክኪ የሚያውቅ ማድረግ ነው። ከቆዳው ሥር በተዘረጋ ስስ ንጣፍ ላይ የሰው እጅ ሲያርፍ የኤሌክትሪኩ መስክ ይለወጣል። መርሴዲስ ይህን በ2020 በታደሰው ኢ ክላስ ላይ አቀረበ። ያ ሳያወዛውዝ የሚይዘው ጨዋ ሾፌር በመጨረሻ ታወቀለት።

ሁለተኛው መንገድ እጅን ትቶ ፊትን ማየት ነው። ሌክሰስ ገና በ2006 ፊትን የሚከታተል ካሜራ ገጥሞ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በ2017 ‹‹ሱፐር ክሩዝ››ን ሲያወጣ ጨዋታውን ገለበጠው፦ በተመረጡ አውራ ጎዳናዎች ላይ እጅህን አንሣ፣ ዐይንህን ግን ከመንገዱ አታንሣ አለ። ቴስላም በግንቦት 2021 የውስጥ ካሜራውን ለዚሁ ሥራ አዋለ፤ በታኅሣሥ 2023 ደግሞ የሾፌር ቁጥጥሩ በቂ አይደለም ተብሎ ከ2 ሚሊዮን በላይ መኪኖቹን በሶፍትዌር ለማረም ተገደደ። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአዳዲስ የመኪና ሞዴሎች ላይ የሾፌር መዘናጋትን የሚያውቅ ሥርዓት ግዴታ አድርጓል።

እሰየው ነው። ግን ሁለት ነገር ይከነክነናል። የመጀመሪያው፣ መኪና ቀኑን ሙሉ ፊታችንን እያየ ምስሉ የት ይሄዳል? ሁለተኛው፣ የተገለጠ ዐይንም እንደ እግር ክብደት ነው። አፍጥጦ ቤት ኪራይ የሚያስብ ሰው ሞልቷል። መሣሪያው ክብደት ለካ፣ ጥምዘዛ ለካ፣ ንክኪ ለካ፣ አሁን ዐይን ይለካል፤ የሚፈልገው ግን ከመጀመሪያው ልብን ነበር።

ጉዳዩ ሩቅ አይምሰለን። በ2024 መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የአዲስ አበባ መንገዶች በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞሉ ነው። ከእነዚህ ውስጥ መሪ የሚያግዙ አሉ። አጋዡ የሚተማመነው መንገድ ላይ በተቀባ መስመር ነው፤ የኛ አስፋልት መስመር ደግሞ የት እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ። ታክሲያችን ውስጥ ‹‹ረዳት›› የሚባለው ልጅ ሒሳብ ይሰበስባል፣ ‹‹ወራጅ አለ!›› ይላል እንጂ መሪ አይነካም። አዲሱ ረዳት ግን ይነካል፣ ሲያቅተው ደግሞ ለሾፌሩ ይለቅለታል። መኪና የምትገዙ (የታደላችሁ!) ሻጩን ስለ ባትሪው ብቻ አትጠይቁት፦ ይሄ መኪና መሪውን የሚለቀው መቼ ነው? ከመልቀቁ በፊትስ መንቃቴን የሚያረጋግጠው በምንድን ነው?

ቸር ያሰማን።