በር ሳይቆለፍ የተዘጉ ትምህርት ቤቶች



ከሂጅራ በፊት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገና መካ ሳሉ፣ ለየስሪብ ሰዎች ዲናቸውን የሚያስተምር ሰው ተላከላቸው። ከሱ ጋር የተላከ ገንዘብ አልነበረም፤ የተሠራለት ቤትም አልነበረም። ሰውየው ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ) ነበር፤ በመካ በምቾት ያደገ፣ ከሰለመ በኋላ ግን ያን ሁሉ ያጣ ወጣት። በአስዐድ ኢብኑ ዙራራ ቤት በእንግድነት አረፈ፤ ቁርአን እያስቀራ ከሰፈር ሰፈር ዞረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ወጥቶ ከተቀበላቸው ሕዝብ ብዙው በዚህ አስተማሪ እጅ ያለፈ ነበር።

የመዲና የመጀመሪያው መድረሳ እንግዲህ አንድ ሰው ነው ማለት ነው። ሕንፃው ኋላ መጣ።

እኛ ግን ስለ ትምህርት ቤት ስናወራ ቶሎ የሚታየን ቆርቆሮው፣ ብሎኬቱና አጥሩ ነው። ለመድረሳ ግንባታ መዋጮ ሲጠየቅ እጃችን ይፈታል፤ ለአስተማሪው ደሞዝ ሲጠየቅ ግን ዝም እንላለን። ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። በዚህች ሀገር ትምህርት ቤት መዝጋት የፈለገ ኃይል ግድግዳ ሲያፈርስ ብዙም አይታይም፤ አስተማሪውን ያነሳል። ዛሬ አራት ቦታዎችን እናያለን፤ ሁለቱ ወለጋ ውስጥ፣ ሁለቱ ከወለጋ ውጭ። መጨረሻ ላይ ወደየሰፈራችን እንመለሳለን።

ነቀምት

ከራሳችን ከተማ እንጀምር። ጨለለቂ ያደገ ልጅ፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ የኦነሲሞስ ነሲብን ስም ሳይሰማ አያድግም። ኦነሲሞስ የወንጌላውያን ሰው ናቸው፤ በእምነት አንገናኝም። የአስተማሪ ታሪክ ሲነሳ ግን እዚሁ ከተማችን የተፈጸመውን ማለፍ አይገባም።

ኦነሲሞስ በኢሉባቦር በኩል ተወልደው በልጅነታቸው ተሰርቀው ለባርነት ተሸጡ። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ምጽዋ ደርሰው እዚያ ነፃ ወጡ። አስቴር ጋኖም እንዲሁ ተሸጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ የመን በሚጓዝ መርከብ ተጭነው ሳሉ ጣልያኖች ነፃ አወጧቸው። ሁለቱም ምጽዋ አጠገብ ባለው የምንኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተገናኙ። ባሪያ ነፃ ማውጣት በዲናችን ምን ያህል ትልቅ ዒባዳ እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች፣ የነዚያን ሕፃናት ጉዞ ስናነብ ልባችን ሊነካ ይገባል።

ሁለቱ አብረው የሠሩት ሥራ ይታወቃል። በ1894 (እ.ኤ.አ.) የኦሮምኛ የንባብ መማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ፤ አስቴር ጋኖ ከቃል ያሰባሰቧቸው ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች 500 ያህል ነበሩ። በ1899 ደግሞ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ።

እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምት ሲደርሱ የከተማው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ኦነሲሞስ መሩት፣ አስቴር አስተማሩበት። ልጆች በእናታቸው ቋንቋ ማንበብ ጀመሩ።

ክሱም ብዙ አልዘገየም። የአካባቢው ቀሳውስት ቋንቋውን ስለማያውቁ የሚባለውን መከታተል አልቻሉም፤ ኦነሲሞስን ከሰሷቸው። በ1906 ጉዳዩ አዲስ አበባ ደርሶ አቡነ ማቴዎስ ከአካባቢው እንዲባረሩ ፈረዱ። አፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ እንዳይሰብኩ ግን አዘዙ። ለመስበክ ፈቃድ ያገኙት ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1916 ከልጅ ኢያሱ ነው።

ልብ በሉ፤ የተከሰሰው ቤቱ ወይም መጽሐፉ አልነበረም። ፍርድ ቤት የቆመው አስተማሪው ነው። በነዚያ 10 ዓመታት ግን ኦነሲሞስ ከተማውን ጥለው አልሄዱም፤ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በ1931 (እ.ኤ.አ.) እዚሁ ነቀምት አረፉ። ዛሬ ስማቸው የሚነሳው ሰውየው ስለቆዩ ነው።

ያአ

ወለጋ ውስጥ ሙስሊም አስተማሪ አልነበረም ወይ? ነበር። በቀድሞው ወለጋ ክፍለ ሀገር ምዕራባዊ ጫፍ ያአ የምትባል ቦታ አለች። የታወቀችው በአንድ አስተማሪ ነው፤ በአል-ፈቂ አሕመድ ዑመር። አል-ፈቂ ከቦርኖ፣ ከዛሬዋ ናይጄሪያ፣ የመጡ የቲጃንያ ሸይኽ ነበሩ። በጅማና በአካባቢው ብዙ ሰው በሳቸው ዙሪያ ተሰበሰበ፤ በመጨረሻም ያአ ላይ ተቀምጠው እ.ኤ.አ. በ1953 እዚያው አረፉ። ካረፉ በኋላም ከጅማ በኩል ሰዎች ብዙ ቀን በእግራቸው እየተጓዙ ወደ ያአ ይሄዱ ነበር። ስለ ዚያራ ዑለማዎች የሚነጋገሩበትን ለዑለማዎች እንተወው። እኛ ዛሬ የምናየው ሌላ ነገር ነው፤ ከትልልቅ ከተሞችና ከዋና መንገድ የራቀች መንደር አንድ ሰው ስለተቀመጠባት ብቻ የሩቅ ሰው የሚያውቃት ቦታ ሆነች።

የድሮው የዒልም ቤታችን ሁሉ እንዲህ ነበር። ወሎ ላይ ጌታና ዳና ሲባል፣ ሐረር ላይ ደግሞ የየሸይኹ ቤት ሲጠራ፣ የሚጠራው ሰው ነው። ደረሳው ስንቁንና ሉሑን ይዞ ለዒልም ሲወጣ "ወደ እገሌ ሸይኽ ልሄድ ነው" ነበር የሚለው። ሸይኹ ሲሞቱ ተተኪ ካላፈሩ ደረሳው ይበተናል፤ ካፈሩ ይቀጥላል።

እነዚያ ቤቶች የሚቆሙትም በሸይኹ ብቻ አልነበረም። ቀደም ያለው ደረሳ አዲስ የመጣውን ያስቀራል። ሌላው እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ የሸይኹን ማሳ ያርማል። የሸይኹ ቤተሰብና የጎረቤት ሴቶች ለማያውቁት የሰው ልጅ እንጀራ ይጋግራሉ። የኪታቡ ሰነድ ላይ የሸይኹ ስም ይጻፋል፤ የጋገረችው እናት ስም ግን የትም አልተጻፈም። አጅሯ አላህ ዘንድ አለ፤ ታሪክ ስንጽፍ ግን ልንረሳት አይገባም።

ሐረርጌ

አሁን ከወለጋ እንውጣ፤ ወደ ምሥራቅ። የነቀምቱ ትምህርት ቤት የጀመረው ጥያቄ፣ ማለትም ልጅ በእናቱ ቋንቋ እንዴት ይማር የሚለው፣ ሐረርጌ ላይ ከአንድ ሙስሊም አስተማሪ እጅ ገብቷል።

ሸይኽ በክሪ ሰጳሎ ትክክለኛ ስማቸው አቡበከር ገራድ ዑስማን ነው። በ1895 (እ.ኤ.አ.) ተወለዱ። ከታላላቅ ሸይኾች ቀርተው ሲጨርሱ ራሳቸው ማስተማር ጀመሩ። የሳቸው ደረሳ የሚማረው ፊቅህና ነሕው ብቻ አልነበረም፤ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብና የከዋክብት ዕውቀትም ነበረበት። "ዲናዊ" እና "ዓለማዊ" ብለን ዛሬ በሁለት ሕንፃ የለየነውን ትምህርት እሳቸው በአንድ ምንጣፍ ላይ ያስተምሩት ነበር።

የዐረብኛ ፊደል የኦሮምኛን ድምፆች ሁሉ በትክክል አይይዝም፤ የግዕዙም ፊደል እንደዚያው ይቸገራል። ሸይኽ በክሪ ይህን ስላዩ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ለኦሮምኛ የሚሆን አዲስ ፊደል ራሳቸው ቀረጹ። ደረሳዎቻቸው ተማሩት፤ ደብዳቤ ተጻጻፉበት። መንግሥት ሲሰማ ደነገጠ። ፊደሉ ታገደ፤ ሸይኹም ድሬዳዋ ላይ በቁም እስር ተቀመጡ። ከደረሳው ርቆ የሚኖር ሸይኽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

በ1978 (እ.ኤ.አ.)፣ በ80ዎቹ ዕድሜያቸው፣ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ። በ1980 እዚያው በስደተኛ መጠለያ አረፉ። ረሒመሁላህ። ፊደላቸው ዛሬ በተመራማሪዎች እጅ የሚጠና ቅርስ ሆኖ ቀርቷል። አስተማሪው ከደረሳው ባይነጠል ኖሮ የት ይደርስ እንደነበር አላህ ያውቃል።

አወሊያ

አራተኛውን ብዙዎቻችን በዕድሜያችን ደርሰንበታል። አዲስ አበባ፣ አወሊያ፣ ታኅሣሥ 2004 ዓ.ም። "ድምፃችን ይሰማ" የተባለው እንቅስቃሴ ከየት ተነሳ ቢባል አብዛኛው ወጣት የጁሙዓውን ሰልፍ፣ ኮሚቴውን፣ በሐምሌ 2004 የተጀመረውን የጅምላ እስር፣ በ2007 የተሰጠውን ፍርድና በኋላም የእስረኞቹን መፈታት ይነግራችኋል። የእንቅስቃሴው ጥያቄዎች ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቃቸዋለን፤ አወሊያ በሕዝብ ቦርድ ይመራ፣ የመጅሊስ ምርጫ ይካሄድ፣ የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን።

የመጀመሪያው ክስተት ግን የአስተማሪዎች ጉዳይ ነበር። 50 ያህል የዐረብኛ መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። የወጡት ተማሪዎች ናቸው፤ የወጡትም ለአስተማሪዎቻቸው ነው። የሕዝቡ ጥያቄ ያንን ተከትሎ ሰፋ።

እዚህ ላይ ራሳችንን አንድ ነገር እንጠይቅ። የኮሚቴውን አባላት ስም እናውቃለን፤ ይገባቸዋልም። ከነዚያ 50 ሰዎች ግን የስንቱን ስም እናውቃለን? ከዚያ በኋላ በምን ሥራ ኖሩ? ልጆቻቸውን በምን አሳደጉ? ነገሩን ሁሉ ያስነሳው የነሱ መሰናበት ነበር፤ እኛ ግን ሰልፉን መዝግበን አስተማሪዎቹን ረሳን።

ዛሬ የሚያሰናብተው ማነው?

አራቱን ቦታዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ነቀምት ላይ አስተማሪው ተከሰሰ፤ ጸንቶ ስለቆየ ትምህርት ቤቱ ስም አተረፈ። ያአ ላይ አስተማሪው ተቀመጠ፤ ቦታው ታወቀ። ሐረርጌ ላይ አስተማሪው ከደረሳው ተነጠለ፤ ፊደሉ ተዳከመ። አወሊያ ላይ ሕንፃው እንደቆመ ነበር፤ አስተማሪዎቹ ሲወጡ ግን ተማሪው ትምህርት ቤቱ እንደተወሰደበት ቆጠረ። ተማሪው ልክ ነበር።

አሁን ወደ ጨለለቂ፣ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆ፣ ወደ ደምቢዶሎ እንመለስ። ከዐስር ሰላት በኋላ ሕፃናት ቃዒዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንድ ኡስታዝ አሊፍ፣ ባ ከሚለው ልጅ ጀምሮ ጁዝ ዐመ እስከሚያሓፍዘው ድረስ ሁሉንም ብቻውን ይይዛል። ደሞዙ ከጁሙዓ መዋጮ የተረፈው ነው። ቤት ኪራይ ሲጨምር፣ ልጅ ሲታመም፣ ጤፍ ሲወደድ፣ ኡስታዙ መጀመሪያ ይበደራል፤ ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ንግድ ይጀምራል፤ በመጨረሻ "አፉ በሉኝ" ብሎ ይሄዳል። በሩ ክፍት ነው፤ ምንጣፉ ተነጥፏል፤ ጥቁር ሰሌዳው ተሰቅሏል። መድረሳው ግን ተዘግቷል።

ይህንን ኡስታዝ ማንም መንግሥት አላባረረውም። ማንም አልከሰሰውም። ያሰናበትነው እኛ ነን። ደብዳቤ አልጻፍንለትም እንጂ አሰናብተነዋል።

ስለዚህ ለናንተ ለወጣቶች 3 ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ደሞዝ። ለአንድ ኡስታዝ 20 ወጣቶች ተሰባሰቡ። ሁሉም በየወሩ የሚችለውን፣ ከሻይና ከሞባይል ካርድ የሚተርፈውን ያዋጣ። ቀኑ የታወቀ ይሁን፤ ኡስታዙ ሊጠይቅ አይገባም። ሠራተኛ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈለው የታዘዝን ሕዝብ ነን፤ ትእዛዙ ኡስታዙንም ይጨምራል። በሩን የሚከፍተውን ዘበኛና ግቢውን የምትጠርገውን እናትም አትርሱ።

ሁለተኛ፣ ስም። ዲናችን የሰነድ ዲን ነው፤ ከማን ሰማህ፣ እሱስ ከማን ሰማ ይባላል። እናንተም ያስቀሯችሁን ኡስታዞች ስም ጻፉ። የት ተማሩ? ከማን? በየትኛው ዓመት ሰፈራችሁ መጡ? ሽማግሌዎቻችን በሕይወት ሳሉ ቀርባችሁ ጠይቁ፤ ስልካችሁ ላይ ድምፃቸውን ቅረጹ። የወለጋ ሙስሊሞች የትምህርት ታሪክ ገና አልተጻፈም፤ ካልጻፋችሁት ከነሱ ጋር አፈር ይገባል።

ሦስተኛ፣ ተተኪ። ከመካከላችሁ የቀራ ካለ በሳምንት 2 ቀን ተራ ይግባ። ድሮ ቀደም ያለው ደረሳ አዲሱን ያስቀራ እንደነበረው ማለት ነው። ኡስታዙ ያርፋል፤ ልጆቹ ሁለት ድምፅ ይሰማሉ፤ እናንተም ያወቃችሁት አይጠፋችሁም።

ሙስዐብ (ረ.ዐ) በኡሑድ ሲሰዋ የሚከፈንበት ጨርቅ አንድ ብቻ ነበር፤ ራሱን ሲሸፍኑት እግሩ ይገለጣል፣ እግሩን ሲሸፍኑት ራሱ ይገለጣል። መዲናን ያስተማረ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው ችግር የሁሉም ነበርና ማንም አልወቀሰም። በኛ ዘመን ግን ሰርጋችን ደምቆ፣ ስልካችን በየዓመቱ እየተቀየረ፣ የልጆቻችን አስተማሪ የቤት ኪራይ አጥቶ ቢሄድ ምን ምክንያት እናቀርባለን?

አላህ ያስተማሩንን ሁሉ፣ ስማቸውን የምናውቀውንም የማናውቀውንም፣ በጀነት ከፍ ያድርጋቸው። በሕይወት ያሉትን በአፊያ ያቆይልን፤ እኛንም ሐቃቸውን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።