ከጨንቻ ደጋ እስከ ሆስፒታል፦ መንገዱን ከምጥ በፊት መጨረስ

«ምጡ ሲመጣ እንሄዳለን» ሲባል ስሰማ ሁሌም እደነግጣለሁ። ለምን እንደሆነ ዛሬ በታሪክ ላስረዳችሁ።

ጨንቻ ቀድሞ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መቀመጫው ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። በመካከላቸው ያለው 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ግን ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አርባ ምንጭ ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ። ትልቁ ሆስፒታልም የተሠራው ታች አርባ ምንጭ ነው። እንሰቱን የሚተክለው፣ ጋቢውን የሚሸምነው ሕዝብ ግን ደጋው ላይ ቀረ። በክረምት፣ በጭጋግና በጭቃ፣ ምጥ የያዛትን እናት በቃሬዛ ተሸክሞ ቁልቁለቱን መውረድ ምን ማለት እንደሆነ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

ዛሬ ጨንቻ የራሷ ሆስፒታል አላት። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ አቁሟል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እየሠለጠኑ፣ እናቶች ከትልቅ ከተማ ውጭም በኦፕራሲዮን መውለድ ችለዋል። ነገር ግን ከመኪና መንገድ ርቃ ተራራው ጀርባ ለምትኖር እናት አንድ ነገር አልተለወጠም፦ መንገዱ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ብርቱ የደም መፍሰስ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ቃሬዛ ይህን ሰዓት አይቀድምም።

መፍትሔው በአገራችን ገጠርም ተሞክሯል። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል በ1976 እ.ኤ.አ. ለነፍሰ ጡሮች ማቆያ ከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሆስፒታሉን ወደ ተራራው መውሰድ ካልተቻለ፣ እናቲቱ ምጥ ሳይጀምራት መጥታ እዚያው ትቆይ። ዛሬ ብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች እንዲህ ዓይነት የእናቶች ማቆያ አላቸው።

እኛ ሐኪሞች «ሦስቱ መዘግየቶች» የምንለው ነገር አለ፦ ለመሄድ በመወሰን፣ በመንገድ፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና በማግኘት። ሦስተኛው የእኛ ኃላፊነት ነው። የመጀመሪያው ግን ቤት ውስጥ ነው ያለው። ባል፣ አማትና እናት ቀድመው ከተመካከሩ ሁለተኛውም ይቀልላል።

ስለዚህ ቤታችሁ ከመንገድ የራቀ ከሆነ ከመውለጃው ቀን 2 ወይም 3 ሳምንት ቀደም ብሎ ወደ ማቆያ መግባትን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተነጋገሩ። በተለይ ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደች፣ መንታ ያረገዘች ወይም ባለፈው ምጥ የጠናባት እናት አትጠብቅ። ደም መፍሰስ፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊት እብጠት፣ መንቀጥቀጥ፣ የሽርት ውሃ ያለ ምጥ መፍሰስ ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ሂዱ።

ገጠር ያለች እህት ወይም ዘመድ ያላችሁ ይህን ደውላችሁ ንገሯት። በሰላም ያገላግላችሁ!