ከአሪቻ ቡና ታሪክ ድረ ገጽ መምረጥን እንማር

በጌዴኦ ዞን አሪቻ የታጠበ ቡና፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ምን ይሆን እንደነበር ታውቃላችሁ? በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ «ይርጋጨፌ» ተብሎ ይሸጥ ነበር። «አሪቻ» የሚለው ስም መንገድ ላይ ይቀራል፤ ታዲያ ቡናውን የወደደ ገዢ ማንን ብሎ ይመለስ? እ.ኤ.አ. በ2017 አሠራሩ ሲሻሻል የቡናው መነሻ አብሮት መጓዝ ቻለ።

ዛሬ ቡና የሚሸጡ ቤተሰቦቻችሁ «ድረ ገጽ እንክፈት» ቢሏችሁ፣ ከማማሩ በፊት ይሄን ጠይቁ፦ አንድ ቀን ብንለቅ ምን ይዘን እንወጣለን? ዊክስ ኮድ ለማያውቅ ሰው ቀላል ነው፤ ግን የሠራችሁትን ገጽ እንዳለ ነቅላችሁ ሌላ ቦታ አትተክሉትም። ነፃው ዎርድፕረስ ትንሽ ያለፋል፤ ማዛወር ግን ይቻላል። የትኛውንም ብትመርጡ፣ የድረ ገጹን አድራሻ ማለትም ዶሜይኑን በራሳችሁ ስም አስመዝግቡ። ያኔ ቤት ብትቀይሩም ደንበኛ አይጠፋባችሁም።