የማን ጣራ ነው?

ሸክላ ጤነኛ መሆኑ የሚታወቀው በጆሮ ነው። እናቴ ገበያ ወርዳ ጀበና ስትገዛ በጣቷ መታ መታ አድርጋ ታዳምጣለች፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጣት ትመልሰዋለች። የቤታችንን ጣራ የሚጠግኑት ሽማግሌ አናጢም እንደዚሁ ነበሩ። ጣራው ላይ ተንበርክከው እያንዳንዱን ሸክላ ያንኳኳሉ። የሚጮኸውን ይተዉታል፤ ድምፁ የታፈነውን ያነሡታል።

ያደግሁት ፒያሳ አካባቢ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ከተሠሩት ቤቶች በአንዱ ነው። ክዳኑ ቀይ የጣራ ሸክላ ነበር። ይህን ዓይነቱን ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1841 ያወጡት በፈረንሳይ አልዛስ የሚኖሩት የጊላርዶኒ ወንድማማቾች ናቸው። በኋላ የማርሴይ ፋብሪካዎች በመርከብ እየጫኑ ለዓለም ስላዳረሱት "የማርሴይ ሸክላ" ተባለ። ብልሃቱ ጠርዙ ላይ ነው። የአንዱ ጠርዝ ከሌላው ቦይ ጋር ይገጥማል፤ ከሥሩ ባለችው ጥርስ ደግሞ ሞራሌው ላይ ይንጠለጠላል። አንድ ካሬ ሜትር ለመክደን 14 ያህል ይበቃል። አንዱ ቢሰበር ጎረቤቶቹን ብድግ አድርጎ እሱን ብቻ መለወጥ ይቻላል። ዝም ከተባለ ግን ውኃው ሞራሌውን ያበሰብሰዋል፤ ሞራሌው ሲሰበር የተሸከመውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል።

ይህን የቤቱ ባለቤት የነበሩት ሴትዮ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሽማግሌውን ያስጠራሉ። እሳቸውም ወገባቸውን በገመድ አስረው፣ በባዶ እግራቸው ይወጣሉ። አሸንዳው ውስጥ የተከማቸውን ቅጠል ይጠርጋሉ፣ የተሰነጠቀውን ይለውጣሉ፣ አናቱ ላይ የተላቀቀውን በኖራ ይመርጋሉ። ከማድ ቤቱ ጀርባ ለመጠባበቂያ የተደረደረ የሸክላ ክምር ነበር። "ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ" ይሉኝ ነበር ሴትዮዋ፣ ለሽማግሌው የቀን ሒሳባቸውን እየቆጠሩ።

መቼም እንዲህ ያለው ነገር ለአገራችን እንግዳ ነው አይባልም። በገጠር የሣር ክዳን ሲያረጅ ባለቤቱ ጠላ ይጠምቃል፣ መንደሩ በደቦ ይወጣል፣ ቤቱ በአንድ ቀን ተከድኖ ያድራል። ጣራው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ደቦውን የሚጠራውም እሱ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ የእኛም አንዱ ነበር። ኪራያችን ከ40 ብር ወደ 20 ብር ወረደ። እናቴ እልል አለች። አይፈረድባትም፤ ለእሷ 20 ብር ማለት የልጆቿ ጫማ ነበር።

በተከታዩ ግንቦት ሽማግሌው አልመጡም። የሚጠራቸው ሰው የለማ! ሴትዮዋ "ቤቴ" ማለት አይችሉም። እኛም "የመንግሥት ቤት ነው" እያልን ነው። አባቴ ማመልከቻ ቢጽፍ በጀት የለም ተባለ። እውነታቸውን ነበር። የምስማሩም የእንጨቱም ዋጋ በየዓመቱ ሲጨምር ኪራዩ እዚያው 20 ብር ላይ ተቸንክሮ ቀረ። አዋጁ ኪራዩን ቀነሰልን፤ መሰላሉን ማን እንደሚወጣ ግን የነገረን የለም።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ያ ከማድ ቤቱ ጀርባ የነበረው የሸክላ ክምር የትም አልሄደም፤ እኛው ጨረስነው። ክረምት ሲገባ በሩ ላይ ያለው ጭቃ አላሳልፍ ይላል። አንዱ ጎረቤት ሁለት ሸክላ አውጥቶ መረገጫ አደረገ፤ ሌላው ሦስት አከለ። እኔም እየተሸከምኩ ደረደርኩ። ጫማችን ጭቃ እንዳይነካው ጣራችንን ረገጥነው ማለት ነው። ማንም አልከለከለንም። ከልካዩ ማን ሊሆን?

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጓዳው ማፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ ጣሳ አስቀመጥን፣ ቀጥሎ ባልዲ። አንድ የነሐሴ ሌሊት ኮርኒሱ ከነሞራሌው ወረደ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ሊያዩ የመጡት ሠራተኞች ግማሹን ጣራ ገፈው ቆርቆሮ መቱበት። የተረፈው ሸክላ ግቢው ጥግ ተጣለ። ቆርቆሮን መናቄ አይደለም፤ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይመታል፣ ስንቱን ድሃ ከዝናብ ያዳነ ነው። ይሁን እንጂ ያን ዕለት ቆርቆሮ የመጣው ሸክላው ስላረጀ አልነበረም። አንዲት ሸክላ በጊዜዋ የሚለውጥ ሰው ስለታጣ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ በርካታ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የእኛም አብሮ ሄደ። ፍርስራሹ መሐል አንድ ሙሉ ሸክላ አገኘሁ። አቧራውን ጠርጌ በጣቴ አንኳኳሁት። ጮኸ። ሰማንያ ዓመት አልፎት ደህና ነበር!

አሁን የምኖረው ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ነው። ባለፈው ክረምት አራተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ባልዲያቸውን ይዘው ስብሰባ መጡ። ጣራው ያፈሳል፣ አሸንዳው ተደፍኗል፣ መዋጮ ይዋጣ አሉ። ቤቱ ዝም አለ። "የመንግሥት ነው" እንዳንል የገዛነው እኛ ነን፤ በሕጉ ጣራው የሁላችንም የጋራ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም በሆዴ "ዝናቡ እኔ ዘንድ አይደርስ" ብዬ ነበር። ወዲያው ያ ጭቃ ላይ የደረደርኩት ሸክላ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

መዋጮዬን ከፈልኩ። ከዚያ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፦ "በየዓመቱ ግንቦት ላይ ሰው የሚጠራውና መሰላሉን የሚያቆመው ማነው?" እርስ በርስ ተያየን። ገንዘቡ ተሰብስቧል። ሰውየው ግን እስከ ዛሬ አልተመረጠም።