ክርክር ያጸናው ጓደኝነት፦ የ«ሐቭሩታ» የጥናት ሥርዓት ታሪክ

በአይሁድ ምኵራብ አጠገብ ወደሚገኝ የጥናት ቤት የገባ እንግዳ በመጀመሪያ የሚያስተውለው ጫጫታውን ነው። በሌሎች ዘንድ ጸጥታ የጥናት ምልክት ሲሆን፣ በዚህ ቤት ግን ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ መጽሐፍ ዘርግተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ እየተጠያየቁም ይከራከራሉ። ይህ ዘዴ በአራማይክ ቋንቋ «ሐቭሩታ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ጓደኝነት ማለት ነው። ቃሉ ከግዕዙ «ኀብረ» እና «ኅብረት» ጋር ከአንድ ሴማዊ ሥር የበቀለ በመሆኑ ለአማርኛ አንባቢ ጆሮ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።

ለዚህ ዘዴ መነሻ የሆነው የሚጠናው መጽሐፍ ጠባይ ነው። በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ የተጠናቀረውን ሚሽና የተባለ የሕግ ስብስብ መሠረት አድርጎ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሰፋው ታልሙድ፣ በአብዛኛው የተደራጀው በጥያቄና መልስ፣ በተቃውሞና በማስረጃ ነው። በነባሩ እትም ደግሞ አናባቢ ምልክትም ሆነ የተሟላ ሥርዓተ ነጥብ የለውም። ስለሆነም አንባቢው ጥያቄው የት እንደሚያበቃና መልሱ ከየት እንደሚጀምር ራሱ መለየት ይኖርበታል። ብቻውን የሚያነብ ሰው ስሕተቱን የሚነግረው አያገኝም፤ ጓደኛ ያለው ግን እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ከመሻገሩ በፊት ማስረዳት ይገደዳል።

የጥናት ጓደኛ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ታልሙድ ራሱ በአንድ አሳዛኝ ታሪክ ያስረዳል። በ3ኛው ምእተ ዓመት በጥብርያዶስ ያስተምር የነበረው ረቢ ዮሐናን፣ በሽፍትነት ይኖር የነበረውን ሬሽ ላቂሽን ወደ ትምህርት መልሶ፣ እኅቱን ድሮለት፣ የጥናት ጓደኛው አደረገው። አንድ ቀን ሰይፍ፣ ቢላዋ፣ ጦርና ማጭድ ተሠርተው አለቁ የሚባለው መቼ ነው የሚል የሕግ ጥያቄ ተነሣ። ዮሐናን በእቶን ሲጠነክሩ ነው አለ፤ ሬሽ ላቂሽ ደግሞ በውኃ ተነክረው ሲወለወሉ ነው አለ። ጉዳዩ ብረት ሠሪ ሁሉ የሚያውቀው የሙያ ጥያቄ ነበር። ዮሐናን ግን ነገሩን በማስረጃ ከመመለስ ይልቅ የጓደኛውን የቀድሞ ሽፍትነት አንሥቶ ነካው። ሁለቱም ተቀያየሙ፤ ሬሽ ላቂሽ ታመመ። ሚስቱ ወንድሟን እያለቀሰች ብትለምነውም አልራራም፤ ባሏም ሞተ።

ዮሐናን በኀዘን በተሰበረ ጊዜ ሊቃውንቱ ረቢ አልዓዛር ቤን ፔዳት የተባለውን ዐዋቂ እንዲያጽናናው ላኩለት። አልዓዛርም ዮሐናን በተናገረ ቁጥር የሚደግፈው ጥቅስ ያመጣለት ነበር። ዮሐናን ግን በዚህ አልተጽናናም፤ ሬሽ ላቂሽ ለአንድ ቃል 24 ተቃውሞ ያነሣበት፣ እርሱም 24 መልስ ይሰጥ፣ ሕጉም በዚያ ይብራራ እንደነበር ገልጾ፣ ልክ መሆኑንማ ራሱም እንደሚያውቅ ተናገረ። ልብሱን እየቀደደ የጓደኛውን ስም ሲጠራ አእምሮው እስኪታወክ ደረሰ፤ በመጨረሻም ሞተ።

ከዚህ ዘመን ብዙ ቆይቶ ሕትመት ሥርዓቱን ረዳው። ዳንኤል ቦምበርግ በቬኒስ ከተማ ከ1520 እስከ 1523 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የመጀመሪያው ሙሉ የባቢሎን ታልሙድ፣ ዋናው ጽሑፍ በገጹ መካከል፣ የራሺ ትርጓሜ በአንድ ወገን፣ ራሺን አዘውትረው የሚሞግቱት የኋለኞች ሊቃውንት ሐተታ ደግሞ በሌላው ወገን ሰፈረ። ገጹ ራሱ የክርክር ሸንጎ ሆነ ማለት ነው። በ1803 እ.ኤ.አ. ገደማ ረቢ ሐይም በቮሎዢን ያቋቋሙት ከፍተኛ የትምህርት ቤት፣ የሩሲያ መንግሥት በ1892 እስኪዘጋው ድረስ ለብዙ ትምህርት ቤቶች አርአያ ሆኖ ቆየ። ይሁን እንጂ ጓደኛ ይዞ ማጥናት ጥንታዊ ቢሆንም፣ ለተማሪ ሁሉ መደበኛ ሥርዓት የሆነው ከ19ኛው ምእተ ዓመት ማብቂያ ወዲህ ነው የሚሉ የታሪክ ተመራማሪዎች አሉ።

ሥርዓቱ በሊቃውንት ዘንድ ብቻ አልቀረም። በምሥራቅ አውሮፓ ከተሞች ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው ከሥራ መልስ በምኵራብ የሚያጠናበት ማኅበር ነበረው። ረቢ ሜይር ሻፒሮ በ1923 እ.ኤ.አ. በቪየና ጉባኤ ባቀረቡት ሐሳብ መሠረትም፣ በየቀኑ አንድ ቅጠል እየተጠና 2,711 ቅጠሎች በሰባት ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጸማሉ። ለረጅም ዘመን ከታልሙድ ጥናት ርቀው የቆዩ ሴቶችም ዛሬ በብዙ ቦታ በሐቭሩታ ያጠናሉ።

ከኢትዮጵያ የሄዱት ቤተ እስራኤል ይህን ዘዴ ያገኙት ዘግይተው ነው። ቅዱስ መጽሐፋቸው በግዕዝ የተጻፈው ኦሪት ሲሆን፣ ትርጓሜውን ከቀሳውስቶቻቸው ይሰሙ ነበር እንጂ ታልሙድ አልነበራቸውም። በ1984 እና 1985፣ ከዚያም በ1991 እ.ኤ.አ. በብዛት ወደ እስራኤል ሲሻገሩ፣ አብዛኞቹ ልጆቻቸው በመንግሥት የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ገቡ። ታላቅን በጸጥታ ማድመጥ ጨዋነት ነው ተብለው ያደጉ ልጆች፣ መጠየቅና መቃወም የትምህርት ግዴታ ከሆነበት ባህል ጋር ተገናኙ። አባቶች የቀሳውስቱ ሥልጣን እንዳይናቅ ያደረባቸው ሥጋት ከንቱ አልነበረም።

የዮሐናን ታሪክ ለሁለቱም ወገን መልስ አለው። ሬሽ ላቂሽ 24 ጊዜ ሲቃወመው ጓደኝነታቸው አልፈረሰም፤ የፈረሰው ዮሐናን ክርክሩን ትቶ ሰውየውን በነካው ዕለት ነው። ንድፉን ለባልደረባው ምርመራ የሚያቀርብ መሐንዲስም ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ የሚጠቅመው ስሌቱን ያለ ይሉኝታ፣ ሠሪውን ግን በአክብሮት የሚመረምር ዓይን ነውና።