የቀለም ምርጫና ስሜት በጎጃም ሥዕል

የቀለም ምርጫ ሠዓሊው በተመልካቹ ልብ ሐዘንን፣ ፍርሃትን፣ ደስታን ወይም እርጋታን ለማሳደር ቀለማትን የሚመርጥበትና የሚያጎራብትበት ጥበብ ነው። በጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ብቸናና ደብረ ወርቅ ባሉት አድባራት፣ ይህ ጥበብ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። በዚህ ትውፊት ቀለም የሚታዘዘው ለሠዓሊው የግል ስሜት ሳይሆን ለታሪኩ ነው፤ ሠዓሊው ቢከፋው የእመቤታችንን ልብስ አያጠቁረውም።

ሥዕሎቹ በብዛት የሚገኙት በክብ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ፣ በአራት ማዕዘኑ መቅደስ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በከተሙባት በደብረ ማርቆስ፣ በቀድሞ ስሟ መንቆረር፣ ያለው የማርቆስ ቤተ ክርስቲያንም በሥዕል ያጌጠ ነው። ብዙ ጊዜ ሥዕሉ የሚሠራው ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ሠዓሊው መጀመሪያ ንድፉን ያወጣል፤ ቀጥሎ ሰፋፊውን ቦታ በቀለም ይሞላል፤ በመጨረሻ ዐይኑን፣ ጣቱንና የልብሱን እጥፋት በጥቁር መስመር ይከብባል። ጥቁሩ መስመር ባይኖር ቀይና ቢጫው እርስ በርስ ይዋጡ ነበር።

የቀለሙ ምንጭም ምርጫውን ይወስናል። ጥቁሩ ከጥላሸት ወይም ከከሰል ይገኛል። ደማቁ ቀይ ሲናባር ከሚባለው የሜርኩሪ ማዕድን፣ ደማቁ ቢጫ ከአርሰኒክ ማዕድን፣ ሰማያዊው በብዛት ኢንዲጎ ከሚባለው የዕፅ ቀለም ነው። በቆዩ የብራና ሥዕሎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች እንዳሳዩት አረንጓዴው ብዙ ጊዜ ከቢጫውና ከኢንዲጎው ቅልቅል የወጣ ነው። ከባሕር ማዶ በንግድ የሚመጣ ቀለም ውድ ስለነበር የትም አይፈስም ነበር። በኋላ ርካሹ የፋብሪካ ቀለም ሲገባ ግን ሰማያዊው በየግድግዳው በዛ፤ በእኔ ግምት ከክብሩም ጥቂት ቀነሰ።

እያንዳንዱን ቀለም ከአንድ ትርጉም ጋር የሚያያይዙ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ ሥዕሎቹ ግን አይስማሙም። ቀይ በሰማዕት ላይ ደም ነው፤ በንጉሥ ላይ ማዕረግ ነው፤ በሲኦል እሳት ነው። ስሜቱን የሚወስነው ጎረቤቱ ነው። በደማቅ ቢጫ መደብ ላይ ያረፈ ቀይ ያሞቃል፤ ከጥቁር አጠገብ ያስፈራል። በመቅደሱ በር ግራና ቀኝ ሰይፍ መዝዘው የሚቆሙት መላእክት የሚያስደነግጡት በሰይፋቸው ብቻ አይደለም፤ ከጠይም ፊታቸው የሚፈጠው የዐይናቸው ነጭ ነው ሰውን በሩ ላይ የሚያቆመው።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተስፋፋው የመጀመሪያው የጎንደር ስልት ቀለሙ ጠፍጣፋና ብሩህ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ያበበው ሁለተኛው ስልት ግን ጥላን አመጣ፤ ፊትና እጅ በጠቆረ ቀለም ይሞላል፣ መደቡም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ይሸጋገራል። ለሐዘን ሥዕል ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ሐዘን ግን በጥላ ብቻ አይነገርም፤ ነገሥታት ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይወጡ የነበረው፣ በ1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት ኩርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል የሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስ ያሳያል። ከእርሱ የተቀዱትን ስንመለከት ሐዘኑን የሚሸከሙት በግንባሩ ላይ የሚወርዱት ጥቂት የደም ጠብታዎች ናቸው፤ ቀዩ ቢበዛ ኖሮ ትኩረቱ ይበተን ነበር።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የዘመቱበት የ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት ሥዕል ደግሞ ሌላ ስሜት ይዞ መጣ። በሰማዩ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ክበብ መሀል ይታያል። ከታች ሬሳና ጭስ ቢሞላም ሥዕሉ የድል ሆኖ የሚነበበው ዐይን በመጀመሪያ ወደዚያ ክበብ ስለሚሮጥ ነው።

ከጎጃም ወጥተው በሌላ ስፍራ የተማሩና የሠሩ ሠዓሊዎችም አሉ። በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጣሊያን አገር ቱሪን ሄደው ሥዕል ተምረዋል፤ ዛሬ ግን የሚታወሱት በደራሲነታቸው ነው። የብቸናው ቄስ አዳሙ ተስፋው የቤተ ክርስቲያኑን ስልት ወደ አዲስ አበባ ይዘው ገብተው ከቅዱሳን ጎን የተራውን ሰው ኑሮ ሥለዋል፤ ሥራዎቻቸውም በአሜሪካ ፎውለር ሙዚየም ለእይታ በቅተዋል። ቀለምን ከታሪክ ነጥሎ ስሜትን ብቻ እንዲናገር ማድረግ የመጣው ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ትውልድ ጋር ነው። በጀርመን ኮሎኝ የተማረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1963 እ.ኤ.አ. በሠራው «ጎልጎታ» ስቅለቱን በቀዩ ብርታት ነው ያሳየው። የመቅደሱ ሠዓሊ በጥቂት ጠብታ የተናገረውን እርሱ በሰፊው ቀይ ተናገረው።

በጎጃም አድባራት ሥዕል የሚያይ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። የጧፍ ጭስና የዕጣን ጥቀርሻ ለዘመናት ግድግዳውን ያጠቁራል፤ ከጣሪያ የሚያፈስስ ዝናብም ቀለሙን ያጥባል። ስለዚህ ጠቁሮ የሚታየውን ሁሉ ሐዘን ነው ብሎ ከመፍረድ በፊት በመጋረጃ ተሸፍኖ የቆየውን ክፍል በቀን ብርሃን ማየት ያስፈልጋል፤ ሠዓሊው የመረጠው ቀለም ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚገኘው እዚያ ነው።