የስቴለር የባሕር ላም፤ በ27 ዓመት ውስጥ ስለ ጠፋ እንስሳ አጭር ጥናት

ታሪክ ማለት የነገሥታት፥ የጦርነትና የመንግሥታት ለውጥ ታሪክ ብቻ ነው የሚለው አሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ የተለመደ ነው። ነገር ግን እንስሳትም ታሪክ አላቸው፤ ይኸውም ከሰው ጋር በተገናኙበት ቀን የሚጀምር፥ አንዳንድ ጊዜም በዚያው ግንኙነት የሚያበቃ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በሰሜን ፓስፊክ ውቅያኖስ ይኖር የነበረውን፥ የስቴለር የባሕር ላም የተባለውን እንስሳ ነው። ሊቃውንት ባወቁት በ27 ዓመት ውስጥ ይህ እንስሳ ከምድር ገጽ ጠፋ። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ እንስሳው የጠፋው ሰዎች ባለማወቃቸው ነው ወይስ እያወቁ? በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። በሩሲያ መንግሥት አገልግሎት የነበረው ዴንማርካዊው መርከበኛ ቪቱስ ቤሪንግ በ1741 በሰኔ ወር «ቅዱስ ጴጥሮስ» በምትባል መርከብ ከካምቻትካ ተነሥቶ የአሜሪካን ጠረፍ ለመፈለግ ተጓዘ። ጀርመናዊው ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ጌዮርግ ቪልሄልም ስቴለር አብሮት ነበር። አላስካን አይተው ሲመለሱ ማዕበል አስጨነቃቸው፤ ስከርቪ የሚባለውም በሽታ ብዙዎቹን ጣላቸው። በኅዳር ወር ሰው በማይኖርባት አንዲት ደሴት ላይ ወጡ፤ መርከባቸውም እዚያው ተሰበረች። ቤሪንግ በታኅሣሥ ሞተ፤ ደሴቲቱም በስሙ ተጠራች። ከሞት የተረፉት 46 ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፥ ከመርከቧ ስብራት ትንሽ ጀልባ ሠርተው በነሐሴ 1742 ወደ ካምቻትካ ጕዞ ጀመሩ።

በዚያች ደሴት ጠረፍ ስቴለር ከእርሱ በፊት ማንም ሊቅ ያልጻፈለትን እንስሳ አየ። ስሙ ላም ይባል እንጂ ከከብት ወገን አይደለም፤ ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት የቅርብ ዘመዱ በሞቃት ባሕሮች የሚኖረው ዱጎንግ ነው። ስቴለር በሐምሌ 1742 የለካት እንስት ርዝመቷ 7 ሜትር ተኩል ያህል ነበር። ክብደቱ በብዙ ቶን የሚቆጠር፥ ቆዳውም እንደ አሮጌ ዛፍ ቅርፊት ወፍራምና ሻካራ ነበር። ጥርስ አልነበረውም፤ በጥርስ ፈንታ ምግቡን የሚያደቅባቸው ሻካራ ሰሌዳዎች በአፉ ውስጥ ነበሩት። ኬልፕ የሚባለውን ረጅም የባሕር ተክል ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ መንጋ ሆኖ ሲግጥ ይውላል። ስቴለር እንደ ጻፈው፥ ጀርባው ዘወትር ከውሃ በላይ ይታይ ነበር፤ ሰውም ሲቀርበው አይሸሽም።

በረኀብ የተጐዱት መርከበኞች ይህን እንስሳ አድነው በሉ። ጥቂት ሰዎች በጀልባ ቀርበው የብረት መንጠቆ ይወጉበታል፤ በጠረፍ የቆሙት 30 ያህል ሰዎች ደግሞ ገመዱን ይዘው ወደ ምድር ይጐትቱታል። ሥጋው እንደ በሬ ሥጋ፥ ስቡም ጣፋጭና ሳይበላሽ የሚቈይ ነበር። ለነዚያ ሰዎች ሕይወት ምክንያት የሆነው ይህ እንስሳ ስለ ሆነ በአደናቸው ልንፈርድባቸው አንችልም። ስቴለር ግን አንድ ነገር ሳይጽፍ አላለፈም፤ እንስቲቱ ተገድላ በጠረፍ ላይ በተጋደመች ጊዜ ወንዱ ሁለት ቀን ተከታትሎ ወደ እርሷ ሲመጣ ታይቷል። ስቴለር በ1746 ሞተ፤ የባሕር እንስሳትን የሚገልጸው የላቲን ድርሰቱም በ1751 በፒተርስበርግ ታተመ። እንግዲህ ዓለም ስለዚህ እንስሳ ያወቀው እንስሳው ገና በሕይወት ሳለ መሆኑን ልብ እንላለን።

የጥፋቱ ምክንያት የስቴለር ጓደኞች ረኀብ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የመጣው ንግድ ነው። ከደሴቲቱ የተመለሱት ሰዎች የባሕር ኦተር የሚባለውን ባለ ፀጉር እንስሳ ቆዳ ይዘው መጡ፤ ይህም ቆዳ በቻይና ገበያ እጅግ ውድ ነበር። ስለዚህ በ1743 ዬመልያን ባሶቭ የተባለው ሩሲያዊ ወደ ደሴቲቱ ሄደ፤ ሌሎችም አዳኞች በየዓመቱ ተከተሉት። እነዚህ ሰዎች የባሕር ላሙን የፈለጉት ለገበያ አልነበረም። ክረምቱን የሚያሳልፉበት፥ ወደ ሩቆቹ ደሴቶችም ሲሻገሩ የሚይዙት ስንቅ ነበር። የገበያ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ሲያንስ ዋጋው ይወደድ ነበርና ነጋዴው ራሱ መጕደሉን ያስተውል ነበር፤ ስንቅ ግን ዋጋ አይወጣለትም፥ በመዝገብም አይገባም። ከዚህም በላይ አዳኞቹ ጥቂት ሆነው ስለሚወጉት ከተወጋው ብዙው ወደ ጥልቅ ውሃ አምልጦ ይሞት ነበር። አንድ ለመብላት ብዙ ይገደል ነበር ማለት ነው።

ይህን ያስተዋለ ሰው በዘመኑ አልታጣም። የማዕድን መሐንዲስ የነበረው ፒዮትር ያኮቭሌቭ ወደ ጎረቤቲቱ ሜድኒ ደሴት በሄደ ጊዜ የባሕር ላም በዚያ ፈጽሞ እንደ ጠፋ ተረዳ። በ1755 በቤሪንግ ደሴት የቀሩት እንዳይጠፉ አደኑ እንዲከለከል የሚጠይቅ ማመልከቻ ለካምቻትካ ባለ ሥልጣኖች አቀረበ። ማመልከቻውም ያስከተለው ነገር አልነበረም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል፤ እዚህ ግን ጩኸቱ የተሰማው ጅቡ ገና ሳይሄድ ነበር፥ የሚነሣ ሰው ግን ታጣ። ከ13 ዓመት በኋላ፥ በ1768፥ የመጨረሻው የባሕር ላም በቤሪንግ ደሴት እንደ ተገደለ ማርቲን ሳወር የተባለው ጸሓፊ መዝግቧል።

ይህ ዓመት በሊቃውንት ዘንድ ያለ ክርክር የተቀበሉት አይደለም። ስዊድናዊው ኖርደንሸልድ በ1879 በቤሪንግ ደሴት ባደረገው ጥያቄ ከነዋሪዎቹ በሰማው ቃል እንስሳው እስከ 1854 ድረስ ሳይቈይ አልቀረም ብሎ ጻፈ። ሌዮናርድ ስቴይንገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው ተቀምጦ ነገሩን እንደ ገና መረመረና ሰዎቹ ያዩት ሌላ የባሕር እንስሳ ነው ሲል ቃሉን አልተቀበለም። እርሱ እንደ ገመተው፥ ስቴለር በደረሰ ጊዜ የነበሩት የባሕር ላሞች ከ1,500 አይበልጡም ነበር። በዘመናችን የተገኙ አጥንቶች እንደሚያሳዩት እንስሳው በጥንት ዘመን ከጃፓን እስከ ካሊፎርኒያ ድረስ ይኖር ስለ ነበር፥ በሁለቱ ደሴቶች የተገኘው የቀረው ርዝራዥ ነው። ሌሎችም ሊቃውንት ኦተሩ ሲያልቅ እርሱ ይበላው የነበረው የባሕር ጃርት ስለ በዛ ኬልፑን ጨርሶት የላሙ ምግብ ሳይጐድል አልቀረም ይላሉ። እንደኛ አስተያየት እነዚህ ምክንያቶች የአዳኙን ጥፋት አያቀልሉትም፤ ጥቂት የቀረ ነገር የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልገዋልና።

አሁን የባሕር ላሙን ዕድል ከኦተሩ ዕድል ጋር እናስተያይ። ኦተሩም እስኪያልቅ ድረስ ታድኖ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እጅግ ጥቂት ብቻ ቀርቶ ነበር። ነገር ግን በ1911 አሜሪካ፥ እንግሊዝ፥ ጃፓንና ሩሲያ ባለ ፀጉሩን የአቆስጣ ወገንና ኦተሩን በባሕር ላይ ማደን የሚከለክል ውል ተፈራረሙ። የአቆስጣ አደናቸውን ለተዉት አገሮችም በየብስ ላይ ከሚገኘው ቆዳ ድርሻ ተመደበላቸው። ውሉ የሠራው መልካም አሳብ ስለ ያዘ ብቻ ሳይሆን፥ የሚጠብቅ መርከብና የሚከፈል ካሣ ስለ ነበረው ነው። ኦተሩም እንደ ገና በዛ። ያኮቭሌቭ ማመልከቻ ነበረው፤ ኃይል ያለው ሕግ ግን አልነበረውም።

ይህ ጉዳይ ከኛ ዘንድ የራቀ የሚመስለው ካለ ቀይ ባሕርን እናሳስበዋለን። የባሕር ላሙ ዘመድ ዱጎንግ በዚያ ይኖራል። በ1830ዎቹ በምጽዋ በኩል እስከ ጎንደር የተጓዘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል የቀይ ባሕሩን ዱጎንግ በ1834 ገልጾ ጽፏል። በኦሪት የደብተራ ድንኳን መሸፈኛ የነበረው፥ በአማርኛው መጽሐፍ የአቆስጣ የሚባለው ቁርበት፥ የዚህ እንስሳ ነው ብሎ ስላሰበ ስሙንም ከድንኳኑ አወጣለት። ዱጎንግ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይወልዳል፤ በሁለት ወሊድ መካከልም ብዙ ጊዜ ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ በዓሣ መረብ የሚያዘው ቍጥሩ ጥቂት ቢሆንም ጕዳቱ ከባድ ነው። በ2022 የታተመ ጥናት በቻይና ባሕር የዱጎንግ ወገን እንደ ጠፋ ሊቈጠር ይገባል ብሏል። በ2007 በአቡ ዳቢ መንግሥታት ዱጎንግን ለመጠበቅ የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመዋል፤ ሰነዱ ግን በሕግ የሚያስገድድ አይደለም።

እንግዲህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። የባሕር ላሙ የጠፋው ባለማወቅ አይደለም፤ የተማረው ሰው ጽፎለት፥ ያስተዋለውም አመልክቶለት ነበር። የጐደለው ማመልከቻውን ተቀብሎ የሚያዝ ሥልጣንና የሚፈጽም እጅ ነው። ተማሪዎች ስለ ሆንን ማወቅና መጻፍ የሥራው ፍጻሜ ይመስለን ይሆናል፤ የስቴለር መጽሐፍ በታተመ በ17 ዓመት እንስሳው አለቀ። ከዚያ መንጋ የቀረው በየሙዚየሙ ያለው አጥንትና ያ መጽሐፍ ነው። የዱጎንግም ታሪክ እንዲሁ በመጽሐፍና በአጥንት ብቻ እንዳይቀር፥ የ2007ቱን ሰነድ የ1911ዱ ውል የነበረውን ያህል ኃይል እንዲኖረው ማድረግ ያስፈልጋል ብለን እናምናለን።